የጋሽ ይገዙ ንግግርና ስምንት መቶ ዓሦች

ሰብለወርቅ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ በምትባል ከተማ ስትኖር ስድስት ዓመት በመጦሪያ ቤት አረጋውያን ስታነሳና ስታስተኛ ወገቧ ከከዳት በኋላ ነው ሾፌርነት የገባችው። ለአንድ የዓሣ እርባታ ትሠራለች፤ ትንንሽ ዓሦችን በታንከር ጭና በየሐይቁ ትለቃለች። ዓሣን እንደ ድንች ጆንያ የሚያዩ ሰዎችን ስትንቅ ለጉድ ነው። ከሁሉም ጋሽ ይገዙን።

ጋሽ ይገዙ የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው። ማኅበሩ ከከተማ ወጣ ብሎ ትንሽ ሐይቅ ያለው መሬት ሲገዛ ከሰብለወርቅ እርባታ ስምንት መቶ ካትፊሽ፣ አምባዛ የምንለው ዓሣ፣ ታዘዘ። ሰብለወርቅም ዓሦቹ እንደማይሞቱ ለማኅበሩ ቦርድ ቃል ገባች። ከሞቱ ደግሞ በየለቅሶውና በየሠርጉ የሚነሳው የሷ ስም ነው።

ቀጠሮው ለአንድ የሰኔ ቅዳሜ ማለዳ ነበር። ስትደርስ ከጋሽ ይገዙ በቀር ማንም የለም። እሳቸውም በሙሉ ልብስና በክራቫት ማይክ ይሞክራሉ። እንግዳ ሳይመጣ፣ ሪባን ሳይቆረጥ አንድም ዓሣ አይለቀቅም አሉ። እሷ አስረዳች፤ የታንከሩ ውኃ ቀዝቃዛ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ በየሰዓቱ እየሞቀ ይሄዳል፤ ድንገተኛው ሙቀት ዓሦቹን እንዳይገድላቸው የሐይቁን ውኃ ቀስ በቀስ ወደ ታንከሩ መቀላቀል አለባት። አንድ ቦታ ከተዘረገፉም ሐይቁ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ዓሦች ቁርስ ያደርጓቸዋል።

«ልጄ፣ ያም ውኃ፣ ይሄም ውኃ። ለምን ታካብጃለሽ?»

«ጋሽ ይገዙ፣ እርስዎ ሻወር ሲገቡ መጀመሪያ በእጅዎ አይሞክሩም?»

«እኔ ዓሣ አይደለሁም» አሉ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

አንድ ሰዓት ጠበቀች። እንግዶቹ «መንገድ ላይ ነን» እያሉ ቴክስት ያደርጋሉ። መንገድ ላይ ነኝ የሚል ሐበሻ ገና ፎጣ እንዳገለደመ መሆኑን ዳላስ ውስጥ የማያውቅ የለም። መጠበቁን ተወችው። ውኃውን ቀላቀለች፣ ከዚያ በባልዲ እያመላለሰች ማዶ ሣሩና የወደቀው ዛፍ ባለበት ዳር ዳሩን ለቀቀቻቸው። ጋሽ ይገዙ ስለጮሁባት ብቻ ሃምሳውን ለሪባኑ አስቀረች።

እንግዳ የሞላው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሃምሳዎቹ ለፎቶ እንዲያምሩ ተብሎ በሳፋ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ይገዙ አርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ያላመሰገኑት ሰው ቢኖር ያልተወለደ ነው። ዓሦቹ አየር አጥሯቸው አፋቸውን ወደ ላይ ሲከፍቱ ሰብለወርቅ ሁለቴ ነገረቻቸው፤ ሁለቴም በእጃቸው ዝም አሰኟት። በመጨረሻ ተጨበጨበ፣ ሳፋው ተደፋ፣ ሃምሳውም ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ።

«የታመመ ዓሣ ነው ያመጣሽልን?» አሉ ጋሽ ይገዙ በማይኩ፣ ቦርዱ እየሰማ።

ሰብለወርቅ ሐይቁን ዞራ ወደ ማዶው ዳር ሄደች። ቦርዱም ተከተላት። ማዶ አንድም የተንሳፈፈ የለም፤ ከሣሩ ሥር ግን ጥቋቁር ጀርባዎች ይርመሰመሳሉ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ቆጥራ መጨረስ አቅቷት ሳቀች።

ሰብለወርቅ ተመልሳ መረብ ለጋሽ ይገዙ ሰጠቻቸው።

«የሞተው ይውጣ፣ ውኃውን ያበላሻል። እነዚያ ሰባት መቶ ሃምሳው የኔ ናቸው፤ እነዚህ ሃምሳዎቹ የንግግርዎ ናቸው።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አላወረደም። ጋሽ ይገዙ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ገቡ።