በዘር ማሳ ላይ የተተከለው ድንኳን

የአሠልጣኝነት ሥራዬን የጀመርኩት ሟርተኛ ተብዬ ነው።

ቦታው ከአንኮበር መንገድ ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ቀበሌ ነበረች። ከደብረ ብርሃን ይዤ የመጣሁት አንድ ጥቅል የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማርከሮችና ስለ ንግድ ሥጋት አያያዝ የሚያትት ሞጁል ነበር። ሞጁሉ ገና ከመግቢያው “በዚህ ዓመት ሰብላችሁን ምን ሊያጠፋው ይችላል? ብለሽ ጠይቂ” ይላል። እኔም እንደታዘዝኩት ጠየቅኩ። ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ ያለበት ሰሞን ነበር።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ “ምነው ልጄ፣ ምን በደልንሽ? በቡቃያችን ላይ ታሟርቺብናለሽ?” አሉኝ።

ወይዘሮ እታገኝ ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው በዚህ ነው።

በዚያ አገር ቡቃያ ቆሞ ስለ ውርጭ አይወራም። የውርጭን ስም ያነሳ ሰው ራሱ እንደጠራው ይቆጠራል፤ ክፉው ሁሉ “እሱ ያውቃል” ተብሎ ይታለፋል። እኔም መዘዞ ያደግኩ ነኝና ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ወረቀቱን ገለበጥኩና ባርኔጣ ያደረገ አንድ ቀጭን ሰው ሳልኩ። “ይህ ከወንዝ ማዶ ያለ ገበሬ ነው፤ አቶ አያልቅበት ይባላል፤ መከራ አያልቅበትም። ዘንድሮስ ምን የሚገጥመው ይመስላችኋል?” አልኩ።

ያን ጊዜ አፋቸው ተፈታ። አንዱ ውርጭ ይመታዋል አለ፤ ሌላው በጎቹ በሳል ያልቁበታል፤ ሌላው ደግሞ ደላላ ይጫወትበታል አለ። አንድ ሽማግሌ “ሚስቱም ጥላው ትሄዳለች” ሲሉ ወይዘሮ እታገኝ ቀበል አድርገው፣ “ድሮስ ይህን ሁሉ እያየች የምትቀመጥ ሚስት መች ነበረችው?” አሉ። ሁሉም ሳቀ። ወረቀቱ ሞላ፤ የሞላው በራሳቸው ችግር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቶ አያልቅበትን ይዤ ያልዞርኩበት ወረዳ የለም፤ ለሚ ወስጄዋለሁ፣ መዘዞም ወስጄዋለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። መከራዎቹን እስላለሁ፤ ገበሬዎቹ በየሥዕሉ ላይ ባቄላ ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ባቄላ ያረፈበት ከባዱ አደጋ ነው። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ላይ የትኛውን መሸሽ፣ የትኛውን መቀነስ፣ የትኛውን ማካፈል፣ የትኛውን ችሎ መሸከም እንደሚቻል እንነጋገራለን። በየቦታው ሳልናገር የማላልፋት አንዲት ትምህርት ነበረችኝ፤ ኑሮህን ሙሉ በአንድ ሰብል ላይ አትጣል። ባልደረቦቼ “የአያልቅበት ሚስት” ይሉኝ ጀመር። ሥራዬን እወደው ስለነበር አልከፋኝም።

የፕሮጀክቱ የበላይ አስተባባሪው አቶ ደረሰ ነበር። ከሱ ሥር እኛ አሠልጣኞች፣ ከእኛ ጋር የሚሠሩ ደግሞ የየቀበሌው የልማት ሠራተኞች አሉ። አቶ ደረሰ በዕድሜ ከእኔ በጣም ያንሳል። “እትዬ ብርቄ” እያለ ነው የሚጠራኝ፤ አክብሮት ይምሰል እንጂ የሚለኝ ሊያዘኝ ሲፈልግ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ያቺ ገደል አፋፍ ያለችው ቀበሌ ለኩታ ገጠም ተመረጠች። ኩታ ገጠም ማለት የጎረቤታሞች ማሳ ድንበር ሳይለየው፣ አንድ ዓይነት ሰብል በአንድ ጊዜ የሚዘራበት አሠራር ነው። ለማረሱም ለገበያውም ይመቻል፤ በራሱ ክፋት የለውም። የእኛ ቢሮ ግን ማሳውን ሁሉ፣ አንዲት ጥማድ ሳይቀር፣ የቢራ ገብስ እንዲሆን ወሰነ። ዘሩን እኛ እናመጣለን፤ ምርቱን የሚረከብ ገዢ ተገኝቷል ተባለ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንዲሉ፣ ገበሬውም በየስብሰባው እየሳቀ ተስማማ።

አቶ ደረሰ ቢሮ ገብቼ፣ “ጠዋት አንድ ሰብል ብቻ አትዝሩ ብዬ አስተምሬ፣ ከሰዓት ሁላችሁም አንድ ሰብል ዝሩ ልበላቸው?” አልኩት።

“እትዬ ብርቄ፣” አለኝ፣ “ያ ሥልጠና ነው። ይሄ ሥራ ነው።”

እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ወይዘሮ እታገኝ በቀበሌው የሚታወቁት በዘር ነበር። ቀድሞ የሚደርስ ጥቁር የአገር ገብስ አላቸው። ሰኔ ላይ ዘር ያነሰው ሰው ቁናውን ይዞ ወደ እሳቸው ቤት ይሄዳል፤ ሲወቃ በቁናው ልክ ይመልሳል። እንዲህ ያለ ቤት ቁና ይዞ የመጣን ጎረቤት “የለኝም” ብሎ መመለስ ነውር ነው፤ እሳቸውም መልሰው አያውቁም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን በረዶ ማሳቸውን መታውና የተረፋቸው ጥቂት ቁና ብቻ ሆነ። ያንን ዘርተው ካላበዙት ዘሩ ከቤታቸውም ከቀበሌውም ይጠፋል።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “የቢራውንም ዝሩ ካላችሁ እንዘራለን። እኔ የምለምንሽ ለዘር የምትሆን አንዲት ቁራጭ እንድትተዉልኝ ነው።”

ከልማት ሠራተኛውም ከቀበሌውም ጋር ተጨቃጨቅኩ። በመጨረሻ ከማሳቸው መሃል፣ ከብት የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ ቀጭን ቁራጭ መሬት ተፈቀደላቸው። ደስ ብሎኝ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። በዚያ መሥሪያ ቤት ረታሁ ያልኩበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ የመስክ ጉብኝት ተቀጠረ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አቶ ደረሰ እኔን አስከትሎ ማሳውን አስቀድሞ ሊያይ ሄደና ከኮረብታው ላይ ቆሞ ቁልቁል ተመለከተ። የቢራው ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ የወይዘሮ እታገኝ ገብስ ቀድሞ አፍርቶ መልኩን መለወጥ ጀምሯል።

“ምንድነው ያ?” አለኝ።

“ዘር ነው።”

“ፎቶ ላይ እከክ ይመስላል።”

“ጥቅምት ላይ ይታጨዳል፤ ፍሬው አሁን ገና ወተት ነው።”

“ጉብኝቱ መስከረም ነው፣ እትዬ ብርቄ።”

ከዚያ በኋላ ለእኔ ምንም አላለኝም። በጎን ወደ ባልየው ወደ ጋሽ ሽፈራው ሄዶ፣ ኩታ ገጠሙን የሚያበላሽ ሰው ለከርሞ ከማዳበሪያ ድልድሉ እንደሚወጣ ነገራቸው። ይህን የሰማሁት ኋላ ከራሳቸው ከጋሽ ሽፈራው ነው። ወይዘሮ እታገኝ ባቄላ ሸጠው በርበሬ ሊገዙ ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወርደው ነበር። ጋሽ ሽፈራው የገዛ ማጭዳቸውን ይዘው ወጡና ቁራጯን መሬት ከዳር እስከ ዳር አጨዷት።

“ዳገቱን ወጥታ አህያዋን ሳታራግፍ አየችው፤” አሉኝ ጋሽ ሽፈራው። “አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንደው ለላሚቱ እንኳ ልስጠው ብላት እንቢ አለችኝ፤ እዚያው ደጅ ላይ ደረቀ።”

እኔ የደረስኩት በጉብኝቱ ጠዋት ነው። የዘሩን ቦታ በዓይኔ ስፈልግ ነጭ ድንኳን አየሁ። ታጭዶ በተራቆተው መሬት ላይ ድንኳን ተክለው፣ ከሥሩ ወንበር ደርድረው፣ የአገዳው ጉቶ እግር እንዳይወጋ ምንጣፍ አንጥፈውበታል።

አቶ ደረሰ እየሳቀ መጣ። “አየሽ፣ ባዶው ቦታ ጠቀመን። ድንኳኑን የት እንደምንተክለው ጨንቆን ነበር።”

በሕይወቴ ሰው ለመምታት እጄ የተነሳው ያን ቀን ብቻ ነው። አልመታሁትም፤ ጡረታዬ ትዝ አለኝ።

እንግዶቹ ኮፍያ ተሰጣቸው፤ ማሳውን አደነቁ፤ ፎቶ ተነሱ። ከመካከላቸው አንዷ፣ “አደጋን ለመቀነስ ለገበሬው ምን ታስተምራላችሁ?” ብላ ጠየቀች። አቶ ደረሰ ወደ እኔ ጠቆመ። ተነስቼ ፍሊፕ ቻርቱን ዘረጋሁና የለመድኩትን ቀጭን ሰው ሳልኩ። ወይዘሮ እታገኝ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

“አቶ አያልቅበት ዘንድሮ ውርጭ አልመታውም፤” አልኩ። “በረዶም አልነካው። ለከርሞ ያሰበውን ዘር በወተቱ በገዛ ማጭዱ አጨደው። ለምን ቢሉ፣ እንግዳ ይመጣል ተባለ።”

ገበሬዎቹ አቀረቀሩ። ከድሮ ጀምሮ በአያልቅበት ሲስቁ የኖሩ ሰዎች፣ አንድም የሳቀ የለም። እንግዶቹ ግን ሳቁ። ጠያቂዋ ማስታወሻዋ ላይ እየጻፈች፣ “በጣም ጥሩ የማስተማሪያ ምሳሌ ነው” አለች። ተጨበጨበልኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አቶ ደረሰ፣ “የተናገርሽው ገብቶኛል” አለኝ። “እንዲገባህ ነው የተናገርኩት” አልኩት። በሳምንቱ ከመስክ ተነስቼ ደብረ ብርሃን መጋዘን ገባሁ፤ ሥራዬ ለሠልጣኝ የሚታደል ቲሸርትና ኮፍያ ማውጣት ሆነ።

ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። የቢራው ገብስ ታጭዶ፣ ነዶው ገና ሳይከመር መሬት ላይ ነበር። ዝናቡ ቀን ከሌት ወረደበትና እህሉ እዚያው ነዶው ላይ በቀለ። የገዢው ጥራት ተቆጣጣሪ ከየጆንያው አንዳንድ እፍኝ አውጥቶ አየና መለሰው። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ ሜዳ ላይ የበቀለ ገብስ ለብቅል አይሆንም። ለዘርም አይሆንም። ቀድሞ የሚደርሰው ጥቁር ገብስ ቢኖር ኖሮ ከዝናቡ በፊት ጎተራ ገብቶ ነበር።

ጋሽ ሽፈራውን ያገኘኋቸው በሚቀጥለው ሐምሌ መግቢያ ደብረ ብርሃን ውስጥ ነው፤ አንድ ሕንፃ ሥር ድንጋይ ሲያቀብሉ። መሬታቸውን ምርቱን እኩል ሊካፈሉ ዘር ላለው ሰው ሰጥተው ለቀን ሥራ መጥተዋል። የእሳቸውን ያህል ያረጀ ሰው በዚያ ሥራ ላይ አልነበረም። ስለ ወይዘሮ እታገኝ ጠየቅኳቸው።

“ሰኔን ሙሉ በማለዳ እየወጣች ቤተ ክርስቲያን ዋለች፤” አሉኝ። “ጸሎት እንዳይመስልሽ። ቁና ይዞ የሚመጣውን ሰው ላለማየት ነው።”

እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በዚያው ክረምት ለዚያችው ቀበሌ ችግርን የመቋቋም አቅም የሚል አዲስ ሥልጠና ታቀደ። አቶ ደረሰ መጋዘን ድረስ መጥቶ፣ “አንቺን ይወዱሻል፤ የአያልቅበትን ነገር አድርጊላቸው” አለኝ። ሄድኩ። ለሱ ብዬ አልነበረም።

መጀመሪያ ያስተማርኩበት ያው ቤት፣ ያው አግዳሚ ወንበር ነው። ጋሽ ሽፈራውም ከደብረ ብርሃን ተመልሰው ከሚስታቸው ራቅ ብለው ተቀምጠዋል። ማርከሬን አንስቼ የአያልቅበትን ባርኔጣ መሳል ስጀምር ወይዘሮ እታገኝ ተነሱ።

“አያልቅበትን ዛሬ ተይው፣ ልጄ። ሟርት የሚፈራው የሚጠፋበት ያለው ሰው ነው። የኔን ስም ጻፊ።”

ጻፍኩ፦ እታገኝ፤ ዘር።

“የኔንም” አለ አንድ ሌላ። መሬቱን ያከራየ፣ በሬውን የሸጠ፣ ልጁን ወደ ከተማ የሰደደ ሁሉ እየተነሳ ስሙን አስጻፈ። ጋሽ ሽፈራው መጨረሻ ላይ ተነሱ። “የኔን ከሷ ሥር ጻፊው። ያጨድኩት እኔ ነኝ” አሉ።

ወይዘሮ እታገኝ ከዚያ መስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም በሰው ፊት ወደ ባላቸው ዞረው አነጋገሯቸው። “ማጭዱን የያዝከው አንተ ነህ። ያስያዘህስ?” ካሉ በኋላ ወደ እኔ ተመለሱ። “ስሙን ታውቂዋለሽ። ጻፊው እንጂ።”

ጻፍኩት።

ወረቀቱን ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን ወሰድኩና አቶ ደረሰ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። አደጋ ተብሎ በተዘረዘረው መሃል የራሱን ስም እስኪያገኝ ጠበቅኩ። አገኘው። ፊቱ ቀላ።

“ይሄ የአደጋ ዓይነት አይደለም” አለኝ።

“ነው” አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ሪፖርቱ ላይ ውርጭ፣ በረዶና ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ተብሎ ተጻፈ። እኔ ጡረታ እስክወጣ መጋዘን ቆየሁ። እሱ አድጓል። ጥቁሩ ገብስ ወደዚያ ቀበሌ አልተመለሰም።

ሥራውን ለያዛችሁት ልጆች የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው። ገበሬውን ይህን ዝራ ከማለታችሁ በፊት፣ ሰብሉ ቢጠፋ የሚራበው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የምትራቡት እናንተ ካልሆናችሁ አትዘዙት።