ከአጃው ስር የከተትኩት ድንጋይ

ላቨርን ስታድለር በሞንታና ተራሮች የእንግዶችን ጓዝ አርባ ዓመት በበቅሎ ጭኗል። የግራና የቀኙ ሸክም እኩል ካልሆነ ጉዞ አይጀምርም። ሌሎች ጫኞች በቀለለው በኩል ድንጋይ ይጨምራሉ። እሱ ግን «በቅሎ የማይረባ ነገር አትሸከምም» ይል ነበር። እኔ ምግቡንና ሚዛኑን ነበር የያዝኩት፤ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

በዚያ ነሐሴ ጁኒፐር የምትባለው በቅሎው ገጣባዋ ገና መድረቁ ነበር። ዳግም ከቆሰለች ትሸጣለች። እሱ ደግሞ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ናት።

አሥር ዕቃ መዝኜ ክብደታቸውን በሙሉ ፓውንድ፣ በየዕቃው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ትልቁ አርባ ፓውንድ ነው። ከእንግዶቹ አንዷ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ኢንግሪድ፣ አየችና ሳቀች።

«ላቨርን፣ እዚህ ውስጥ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ክምሮች አሉ። እምላለሁ።»

«ሳትደምሪ?»

«ከአሥር ዕቃ ከሺህ በላይ ዓይነት ክምር ይወጣል፤ ድምሩ ግን ከአራት መቶ አያልፍም። ስለዚህ የግድ ሁለቱ ይገጥማሉ። የጋራ ዕቃ ካላቸው ከሁለቱም ታወጣዋለህ።»

«የትኞቹ ናቸው ታዲያ?»

«እሱን እንጃ! መኖሩን ማወቅ ቀላል ነው፣ ማግኘቱ ነው ጣጣው። ዕቃውም ቁጥሩም ሲበዛ ኮምፒውተር እንኳ ያቅተዋል። ከተገኘ በኋላ ግን ሕፃንም ደምሮ ያረጋግጠዋል።»

ላቨርን ወደ እኔ ዞረ። «በይ ዴልማ፣ አለ ተብሏል፤ ለጁኒፐር ፈልጊላት። የተረፈውን ሌሎቹ በቅሎዎች ይሸከሙታል።»

ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«ዴልማ፣ በረዶ ሳይጥል እንነሳለን?» አለ አንዱ እንግዳ፤ ሁሉም ሳቁ።

ፊቴ ጋለ። ሦስት ፓውንድ በጎደለው ወገን ባለው የአጃ ከረጢት፣ ከአጃው ስር ድንጋይ ከትቼ «አገኘሁት!» አልኩ።

ላቨርን ባርኔጣውን አወለቀልኝ። «አያችኋት? የኔዋን ፕሮፌሰር!» አለ። ደምሮ ለማረጋገጥ አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር። አልደመረም።

ከሁለተኛው ወንዝ ማዶ ጁኒፐር አልሄድም ብላ ቆመች። ድንጋዩ በአጃው ውስጥ ሰርጎ ጎኗን ሲፈትግ ቆይቶ ገጣባዋን ከፍቶታል። ላቨርን እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ አወጣው። ድንጋዩን አየ፣ እኔን አየ፣ ኪሱ ውስጥ ጨመረው። ሸክሟን ለሌሎቹ አከፋፍሎ ባዶዋን እየሳበ በእግሩ ሄደ።

ማታ ኢንግሪድ ደብተሯን ይዛ መጣች። «የትኞቹ ነበሩ? ልጻፋቸው።»

«ስናራግፍ ተደባለቁ» አላት ላቨርን። ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ለእኔ ብሎ ነው።

በመስከረም ጁኒፐርን ራሱ የገዢዋ መኪና ላይ አወጣት። ስለ ድንጋዩ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ክብደት ስነግረው «እሺ ዴልማ» ይላል፤ ከዚያ ዕቃውን አንስቶ ራሱ እንደገና ይመዝነዋል።