ሜትሮና የግራው ፍሬቻ

ሞተሩ የወደቀው ቀስ ብሎ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች፣ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ሲያዘነብል እያየችው፣ ላቃናህ ብላ ታግላ አቃታትና አብራው ወረደች። እሷን ምንም አልነካትም። ሞተሩ ግን ሲወድቅ ከውሃው በርሜል ጋር ተጋጨ፤ የፊት የግራ ፍሬቻው ከአንገቱ ተቆርጦ መሬት ላይ ተንከባለለ። ብርቱካናማው ፕላስቲክ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ሽቦው ደግሞ ከነሥሩ ተመዝዞ ወጣ።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር። ባሏ ስምንት ሰዓት ላይ ከስብሰባ ይመጣና ሞተሩን ይዞ ወደ ሥራው ይወጣል።

ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ነው የሚላት፤ መለኪያው ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ። የተማሪዎች የደንብ ልብስ ትሰፋለች። መስፋቱ አያስቸግራትም፤ ያስቸገራት ማድረሱ ነው። የተተኮሰ ልብስ ታቅፋ ታክሲ ስትጠብቅ ግማሽ ቀኗ ያልቃል፤ ስትደርስም ልብሱ በሰው ጉልበትና ክርን ተዳምጦ፣ ታጥቦ ያልተተኮሰ ይመስላል። በዚህ ተማርራ መንጃ ፈቃድ ላውጣ አለች። ባሏ ሁለት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ አስተማራት፤ ፈተናውም ለሐሙስ ተቀጠረ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ያስጠነቀቃት። «እኔ በሌለሁበት እንዳትነጂው። ከነዳሽው ሐሙስ የለም።»

በዚህ ቀልድ አያውቅም። መድኃኒት አመላላሽ ነው፤ ሞተሩ የቤቱ ጉሮሮ ነው። እሷም እሺ ብላ ነበር። ግን ለፈተናው ስምንት ቁጥር መዞሩ አልሆን ብሏት ሌሊቱን ስትዞር ነው የምታድረው። ዛሬ ግቢው ጭር ሲል አንዴ ብቻ ልሞክር አለች። አንዴ ብቻ።

የባሏ እናት ሕፃን ልጇን እንደታቀፉ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው የወደቀው?»

«በርሜሉ ነው እማማ።»

«በርሜል ነዳጅ ነዳጅ ሲሸት ዛሬ ገና አየሁ።»

«እማማ፣ እባክዎ...»

«እኔ ምንም አላየሁም። ሕፃን የያዘ ሰው ዓይኑ ምን ያያል» አሉና መጋረጃውን ሳቡት።

ፍሬቻ የሚሸጠው በጥንድ ነው። ባሏ ዓምና አንዱን ሲቀይር የተረፈው ሌላው በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከነላስቲኩ ተቀምጧል። እሱን አወጣች፤ ካቻቢቴና ቁልፍ ያዘች። የአንገቱን ዳዶ ፈታች፣ የተሰበረውን ጉማጅ አወጣች፣ አዲሱን አስገብታ አጠበቀች። እዚህ ድረስ አዝራር ከመትከል አይከብድም። የፊት መብራቱን ሁለት ብሎኖች ነቅላ ውስጡን ስታይ ግን ክው አለች። ውሉ የጠፋበት ክር ማለት ይኸ ነው። የትኛው ሽቦ ከየት እንደመጣ፣ የተመዘዘው የት ተሰክቶ እንደነበር የሚናገር ነገር የለም።

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። ግራ ሲገባት የምትመለስበት አንድ ነገር አላት፤ ቀለም። አዲሱ ፍሬቻ አረንጓዴና ሰማያዊ ሽቦ አለው። ውስጥ ባዶ አረንጓዴ ጫፍ አገኘችና ሰካችው። ከዚያ ሁለት ባዶ ጫፎች ቀሩ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካናማ። ሰማያዊውን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ክር ስትመርጥ እንደምታደርገው ወደ ብርሃን አዞረችው። ቁርጥ ያው ነው። በሰማያዊ ጨርቅ ላይ በብርቱካናማ ክር የሚሰፋ ማን ነው? ሰማያዊውን ከሰማያዊው ገጠመችና በፕላስተር ጠቀለለችው።

ከሞተሩ ፊት ቁጢጥ እንዳለች፣ አዲሱን ፍሬቻ ብቻ እያየች፣ እጇን ዘርግታ ማብሪያውን ወዲያ ገፋችው። አዲሱ ፍሬቻ ዝም። ወዲህ መለሰችው፤ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ። እፎይ አለች። መጀመሪያ ለምን ዝም እንዳለ ልታስብ ስትል የባሏ ድምፅ ከግቢው በር ውጭ ተሰማ። ብሎኖቹን እንዴት እንዳጠበቀች እሷም አታውቅም።

«ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

«ልብስ ስተኩስ።»

«ተንበርክከሽ ነው የምትተኩሺው? ጉልበትሽ አፈር ብቻ ነው።»

እማማ ከውስጥ ደረሱላት። «አንተ ልጅ፣ ምሳህ ቀዘቀዘ።»

«ረፍዶብኛል እማ፣ ስመለስ» አለና ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። በር ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ቁልቁል ሄደ።

በሩን ልትዘጋ ስትል ከመንገዱ ማዶ በሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ፀጉር አስተካካይ ጠራት።

«ሜትሮ፣ ባልሽ ሌላ ጎጆ ቀልሷል እንዴ?»

«ደግሞ ምን አገኘህ?»

«በግራም በቀኝም እሄዳለሁ እያለ ነው የወጣው። ከፊት ሁለቱም ፍሬቻ ይበራል፤ ከኋላ የቀኙ ብቻ።»

ሳቁን ሳይጨርስ ነገሩ ገባት። ሰማያዊው ሽቦ የቀኝ ነበር። የግራውን ፍሬቻ ከቀኙ ጋር ነው የሰፋችው። እንግዲህ ግራ ሲያበራ ከፊት ለሚመጣ ሰው ምንም አይታይም። ባሏ ደግሞ ከታች ካለው መጋዘን መድኃኒቱን ጭኖ ሲወጣ የመጀመሪያው ሥራው ዋናው መንገድ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ነው፤ የጭነት መኪናዎቹ ቁልቁል በሚምዘገዘጉበት።

ስልክ ደወለች። አያነሳም። እየነዳህ ስልክ እንዳታነሳ ብላ ያስማለችው ራሷ ነች።

በነጠላ ጫማ ሮጠች። በቤቶቹ ጀርባ ያለውን ደረጃ ሁለት ሁለት እየረገጠች ስትወርድ አንድ ሐሳብ አብሯት ወረደ። ፀጉር አስተካካዩ ነው ያየው፣ ሽቦው ረግቦ ይሆናል ብትለውስ? ውሸት እንኳ አይባልም። ግማሹ እውነት ነው። ሐሙስም ትተርፋለች።

መጋዘኑ በር ስትደርስ ሣጥኑ ታስሯል፤ እሱም ሄልሜቱን አጥልቆ ሞተሩን አስነስቷል። የኋላው የግራ ፍሬቻ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል። የፊቱ ጨለማ ነው። የሣጥኑን ማሰሪያ ጨምድዳ ያዘችው።

«አጥፋው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጅቱ ምን ሆነች?»

«ልጅቱ ደህና ናት። አንተ ብቻ አጥፋው።»

አጠፋው። ያ ያዘጋጀችው ግማሽ እውነት ምላሷ ላይ ነበር። ዓይኑን ስታየው ግን ሌላው ቀድሞ ወጣ።

«ግቢ ውስጥ ስነዳ ጣልኩት። ፍሬቻው ተሰበረ፣ እኔው ቀየርኩት። ግን ከቀኙ ጋር ነው የገጠምኩት። ግራ ስታበራ ከፊት አይታይም።»

ሄልሜቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ከበሩ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ መድኃኒቱ ከበረዶ ወጥቷል» አለች። እሱ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሐሙስን ምን ብዬሽ ነበር?»

«የለም ብለኸኛል።»

«እያወቅሽ መጣሽ።»

«ልትታጠፍ ነዋ።»

ፍሬቻውን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከወንበሩ ሥር ካቻቢቴ አወጣና ሰጣት።

«ፍቺው።»

«እኔ?»

«የት እንደወተፍሽው እኔ በምን አውቃለሁ?»

የፊት መብራቱን ከፈተችው። ሰማያዊውን ነቀለችው።

«ብርቱካናማው ላይ ስኪው።»

«ቀለሙ አይገጥምም እኮ።»

«ቀሚስ አይደለም ሴትዮ። የሞተሩ ግራ ብርቱካናማው ነው፤ ከገበያ የተገዛ መለዋወጫ የፈለገውን ቀለም ይልበስ።»

ሰካችው፣ ዘጋችው። እሷን ሞተሩ ላይ አስቀምጦ እሱ ከፊት ቆመ፤ ሠራተኛዋን ከኋላ አቆማት።

«ግራ።» ከፊት የግራው ብቻ በራ። «ከኋላስ?» «ግራ» አለች ሠራተኛዋ። «ቀኝ።» የቀኙ ብቻ። «ከኋላስ?» «ቀኝ። አሁን ልቀቁኝ፣ በረዶው ውሃ ሆነ።»

ወረደችለት። ሄልሜቱን እያሰረ፣ ሳያያት «ሐሙስ የለም» አላት።

«እሺ።»

«ቀጣዩ ፈተና መቼ ነው?»

«በሦስት ሳምንት።»

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስምንት ቁጥር እንዞራለን። አብረን።»

መንገዱ አፍ ላይ ደርሶ ግራ አበራ። ከላይ አንድ የጭነት መኪና እየወረደ ነበር። ማሰሪያው እጇ ውስጥ ያለ ይመስል ጣቶቿን ጨብጣ ቆመች። መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቆመለት። ባሏ አንድ እጁን አንስቶ አመስግኖ ታጠፈ።

ደረጃውን እየወጣች ሳምንቶቹን ቆጠረች። የዚህ ሳምንት ልብስ በታክሲ ይሄዳል ማለት ነው። የቀጣዩም፣ የሚከተለውም። እማማን ልጅቱን ትንሽ ያዙልኝ ብላ ዛሬውኑ ማጠፍ ብትጀምር ይሻላል።