ከባሕር የወጡት

አዴ ፋጡማ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ጫት ይሸጣሉ። ያን ቀን ከሰዓት መደባቸው ጥግ ተቀምጬ፣ ከጠፈር የሚመለሱ ሰዎችን በስልኬ እከታተል ነበር።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?» አሉኝ።

«ሰዎች ከሰማይ እየወረዱ ነው፣ አዴ። በእሳት መሃል ነው የሚያልፉት። ከእሳቱ የሚከላከልላቸው ሽፋን ተሰንጥቋል ተብሎ ተፈርቷል።»

«እናት አላቸው አይደል?» ብለው ከጫቱ ለምለሙን መርጠው ለጎረቤታቸው ለሼህ ዑመር ሰጡ። መንገድ ላይ ላለ ሰው እዚህ እንዲህ ነው የሚለመነው። ሼሁ ጫቱን ይዘው ዱዓ አደረጉ፤ እኛም እጃችንን ዘርግተን አሚን አልን። አሁን ለመንኮራኩር ዱዓ ይደረጋል? ሳቄን ዋጥኩት።

ስልኬ ላይ የመንኮራኩሩ ጃንጥላዎች ተከፈቱ። መንኮራኩሩ ባሕር ላይ አረፈ፤ ጀልባዎች ከበው ሰዎቹን አንድ በአንድ አወጧቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስጮህ አዴ ፋጡማ ስልኩን ከእጄ ወስደው ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት።

«ባሕር ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ባሕር ነው።»

«እስቲ ወደ ኋላ መልሰው» አሉኝ። «ልጄ ሙክታር ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ ጀልባ ከተሳፈረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶብኛል። ምናልባት አብረው አውጥተውት ይሆናል።»