ከርከዴው ሳይቀመስ የቀረበት ጁምዓ

ካርቱም ሳለሁ የራሴ የምሆነው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጁምዓ ከሰዓት ብቻ ነበር። ሪያድ ሰፈር የምሠራላት ማዳም ምሳው ተበልቶ ዕቃው ሲታጠብ ትለቀኛለች፤ እኔም ሂጃቤን በቅጡ ሳላስተካክል እኛ ባጃጅ የምንለውን ረክሻ ፍለጋ እሮጣለሁ። ሌሎቹ የአገሬ ልጆች ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ሄደው ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ፣ የእኔ እግር በዚያ ዓመት ሌላ መንገድ አላውቅም ብሎ ነበር። መላሂ መጥቷላ!

መላሂ ከከተማ ከተማ እየዞረ ድንኳን የሚተክል የጨዋታ ጓዝ ነው። ዥዋዥዌው፣ ባለቀለም መብራቱ፣ ቢላዋ ወርዋሪው፣ አስማተኛው፣ ሁሉም በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣና ባዶውን ሜዳ በአንድ ቀን ከተማ ያደርገዋል። እኔ ግን ለበርሜሉ ነበር የምሞተው። ከጣውላ የተሠራ፣ ቤት የሚያህል በርሜል ነው። ተመልካች በደረጃ ወጥቶ አፉ ዙሪያ ይቆምና ቁልቁል ያያል፤ ሞተረኛው ከታች ተነሥቶ በቁም ግድግዳው ላይ ይሽከረከራል። እኔ ዘንድ ሲደርስ የቆምኩበት ጣውላ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤም አብሮ። እጮኻለሁ። ማን ምን ይለኛል ብዬ አላፍርም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት በሹክሹክታ ስኖር የከረምኩ ሰው ነኝ።

የምገባው በነጻ ነው። አብራኝ ከወሎ የወጣች፣ መተማንም አብራኝ የተሻገረች ባልንጀራዬ ለመላሂው ሰዎች ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። እኔና እሷ እንደ እሳትና ውሃ ነን። እሷ ነገር ሁሉ በሆዷ ነው፤ «ዝም አይነቅዝም» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እላታለሁ። ሁለታችንም እንደየአመላችን ኖረናል።

በርሜሉ ውስጥ ሁለት ሞተረኞች ነበሩ። ዋናው ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ እጁን ለቆ፣ ዓይኑን በሻሽ አስሮ ይጋልባል። ምክትሉ ከእሱ በፊት ገብቶ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ ሰዉ ግን በእሱ ጊዜ ኦቾሎኒ ነው የሚበላው። ከረመዳን በኋላ መላሂው ወደ ዐረብ አገር ሊሻገር ነው፣ ባለቤቱም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይወስዳል ሲባል ሰምተናል። የትኛውን እንደሚወስድ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር።

ዋናው ሞተረኛ ሳይጋልብ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያን ከደረቀ አበባ የሚፈላ ቀይ መጠጥ፣ ይጠጣል። የምትቀዳለት ባልንጀራዬ ናት። እኛ አገር የሚጠጣ ነገር የሚያቀርብ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ አይሰጥም፤ ክፉ ነገር የለበትም ማለት ነው። እሷም በትንሿ በር ወደ በርሜሉ ውስጥ ትገባና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ከላይ እያየ፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ትሰጠዋለች። ሰዉ ወዶት ማጨብጨብ ጀመረ፤ የትርኢቱ አካል ሆኖ ቀረ። ሞተረኛው አንድ ቀን፣ «እናቴ እንኳ ቀምሳልኝ አታውቅም» እንዳላት እየሳቀች ነግራኛለች። በሰው ነገር ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ያን ጁምዓ ግን ከርከዴውን ይዞ የገባው ምክትሉ ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ «የእኛዋስ የት ገባች?» አልኩ። አንገቴን ሳሰግግ፣ ከበሩ ውጭ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። ዋናው ሞተረኛ ብርጭቆውን አንሥቶ በዓይኑ ፈለጋት፤ ሲያጣት ትከሻውን ነቅንቆ ጭልጥ አደረገው። ምክትሉ ተራውን ዞረ፤ ያን ቀን ደግሞ ለጉድ ነው የዞረው፣ አልጨርስ አለ። ዋናው ሞተሩ ላይ ተቀምጦ እየጠበቀ አዛጋ። ዓይኑን አሸ። ደግሞ አዛጋ። የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። ወላሂ ሳቅን።

ከዚያ ተነሣ። ሁለት ዙር እንደ ልማዱ ዞረ። በሦስተኛው አናቱ ዘንበል አለ፣ ሞተሩ ከጣውላው ተላቆ ወደቀ፣ እሱም ከሥሩ። ሰው ተረጋግጦ በደረጃው ሲወርድ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ተገለበጠ፣ የከርከዴው ጀግም አብሮ ተደፋ።

ፖሊስ መጥቶ አጥሩን ዘጋ፤ ማንም እንዳይወጣ ተባለ። ሰውዬው ሞቷል። ከበርሜሉ ወለል ላይ ያነሡት ብርጭቆ ሥር ነጭ ዝቃጭ ነበር። እኛ ወጥ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቃቅፈን ተቀምጠናል። ፀሐይ ገብታ መግሪብ አዛን ሲል ባልንጀራዬ ከማብሰያው ጀርባ የሸሸገችውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፤ ቀን ከጀጉ የቀዳችው ከርከዴ ነው። ቢስሚላ ብላ አፈጠረች። ቀሪውን እኔ ተቀብዬ ጨረስኩት፤ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበርና ምን ጾም ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። መጠየቅም አያስፈልገኝም፤ ሴት ለሴት ይታወቃል። ረመዳን ደጅ ደርሷል፣ የዓምናው ቀዷ፣ ያልጾመቻቸው ቀናት ዕዳ፣ ገና አላለቀላትም።

መኮንኑ ቲኬት መቁረጫው ጋ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። ከርከዴውን ማን አፈላው? ሐበሻዋ። ማን ቀዳው? ሐበሻዋ። ሁልጊዜ ትቀምሳለች? ሁልጊዜ። ዛሬስ? ምክትሉ ቀደም ብሎ፣ «ዛሬ አልቀምስም አለች፤ ውሰድለት ብላ ለእኔ ሰጠችኝ» አለ። መኮንኑ ለምን እንዳልቀመሰች ጠየቃት። አቀረቀረች። ደጋግሞ ሲጠይቃት በጭንቅ «ጾመኛ ነበርኩ» አለች።

«በጁምዓ?» አለ። «ጁምዓን ለብቻው ነጥሎ የሚጾም ማነው?»

እውነቱን ነው፤ ለሱና፣ በፈቃዱ የሚጾም ሰው ጁምዓን ብቻውን አይይዝም። መልሱ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ ያ ሁሉ ወንድ ፊት ከምትናገር አንገቷን ብትሰጥ ትመርጣለች። አመሏን አውቃለሁ። ዝም አለች። የዝምታዋ ነገር ለመኮንኑ እንደ ማመን ሆነለትና ወደ መኪናው እንዲወስዷት በእጁ አመለከተ።

የኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ፖሊስ ፊት ከቆምኩ ወረቀት መጠየቄ፣ ከዚያም በመጣሁበት መመለሴ ነው። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ ነገር ግን እግሬ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር።

«ያ ጀናቦ፣ እህት አለህ?» አልኩት መኮንኑን።

ቀና ብሎ አየኝ።

«ካለችህ፣ ሴት ልጅ በረመዳን መሀል ለምን እንደምታፈጥር፣ ያፈጠረችውንም መቼ እንደምትከፍል እሷን ጠይቃት። ይቺ ዕዳዋን ስትከፍል ነው የዋለችው።»

መኮንኑ ፊቱን አዙሮ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ትልቅ ሰው ሲያፍር ማየት እንዴት እንደሚያረካ! ከዚያ በኋላ እኔን ማን ያቁመኝ። ከዚያው ጀግ የተቀዳውን ከርከዴ መግሪብ ላይ እሷ እንዳፈጠረችበት፣ እኔም እንደጨረስኩት፣ ይኸው ሁለታችንም ሳናዛጋ እንደቆምን ተናገርኩ። ጠርሙሱን አምጥቼ እጁ ላይ አኖርኩት። ጀጉ ደህና ከሆነ ብርጭቆው ውስጥ የገባው ነገር ከእሷ እጅ ከወጣ በኋላ ነው የገባው፤ በበርሜሉ በር ደግሞ ብርጭቆውን ይዞ ያለፈ አንድ ሰው ነው። ስሙን መጥራት አላስፈለገኝም፤ የሁሉም አንገት ወደ ምክትሉ ዞረ።

ኪሱን ፈተሹት። የታጠፈች ወረቀት፣ ውስጧ ነጭ ዱቄት።

«ስኳር ነው» አለ።

«እንግዲያው ላሰው» አለው መኮንኑ።

ምክትሉ ወረቀቷን ተቀበለ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ መልሶ አወረዳት፤ አልቻለም። እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። የተፈጨ የእንቅልፍ ክኒን ነው። መላሂው ካርቱም ከገባ ጀምሮ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሲዞር እንደከረመ ራሱ ተናገረ።

ወረቀቴን የጠየቀኝ የለም። መኮንኑ ሁለታችንንም «ያላ፣ ሂዱ» ብሎ አሰናበተን፤ እኔም ክንዷን ይዤ በአጥሩ በር እየበረርኩ ወጣሁ። ያ ሁሉ ወንድ ፊት ጉዷን ስለዘረገፍኩት ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። እኔ አፌ አላርፍ አለ። መኮንኑ እንዴት እንደቀላ፣ ወረቀቷ ከኪሱ ስትወጣ የሰዉ ፊት ምን እንደመሰለ፣ አንዱን ጨርሼ ሌላውን እጀምራለሁ። ነጻ ወጥታለች! እንደዚያ ቀን የጀገንኩበት ቀን የለኝም።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆመች።

«ካርቱም ከገባን ጀምሮ ይዞት ነበር አይደል ያለው?»

«አዎ፣ ያ እርጉም» አልኳት።

«ያን ሁሉ ጊዜ መግቢያ ያጣው ብርጭቆው በእኔ እጅ ስለነበረ ነው።»

አላህ የጻፈው ነው፣ አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ምናምን አልኩ። አልሰማችኝም። ሰው ፊት ገብታ ሳትቀምስ ብትሰጥ ለምን ሊባል ነው፤ ለምን ከተባለ ደግሞ ጾሙ ሊነሣ ነው፤ እሱን ፈርታ ነው በር ላይ የቀረችው።

«ጾመኛ ነኝ ብዬ ለሟቹ ብቻ በጆሮው ብነግረው ኖሮ» አለች፣ «ምን ጾም ነው ብሎ አይጠይቀኝም ነበር። 'እንግዲያው ዛሬ እኔም ይቅርብኝ' ነበር የሚለኝ።»

ረክሻ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ወዴት እንደምንሄድ ሾፌሩ ሁለቴ ጠየቀኝ፤ አፌ አልከፈት አለኝ።