ዘንባባ የተተከለበት ወደብ

ባለፈው ሳምንት፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ክሎተን ውስጥ ሙያ በምማርበት የጭነት አስተላላፊ ድርጅት፣ ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ወደብ ማስፋፊያ ብሮሹር ተቀምጦ አገኘሁ። ወረቀቱ ያብለጨልጫል፣ ባሕሩ ከሰማዩ ይበልጥ ሰማያዊ ነው፣ ክሬኖቹ ሚዜ ይመስል ተሰልፈዋል። እያገላበጥኩ አንድ የጭነት መኪና ፈለግሁ። የለም። ብቻዬን ሳቅሁ። አለቃዬ ምን እንዳሳቀኝ ብትጠይቀኝም ነገሩ በጀርመንኛ አልወጣ አለኝ። በአማርኛ ይውጣልኝ።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የሦስት ዓመት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን የጥንት ታሪክ ነው። ጄኔቫ ዳርቻ፣ ቶኔ የሚኖሩ አበሾች ስለ ባሕር ወደብና ስለ አገር ኢኮኖሚ ስብሰባ ጠሩ። ባሕር ከሌላት አገር መጥተው ባሕር በሌላት አገር የሚኖሩ ሰዎች ስለ ባሕር ሊያወሩ አዳራሽ ተከራዩ ማለት ነው። በዚያ ዕድሜዬ የማልንቀው ነገር አልነበረም፤ እነሱ ደግሞ ሥራዬን አቀለሉልኝ።

አባዬ ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ጆንያ እየቆጠረ ይመዘግብ ነበር። ዛሬ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የምግብ ጋሪ ይጭናል። እኔ ለክፍል ጓደኞቼ “ሎጂስቲክስ ላይ ነው” እል ነበር። እቤት ስለ አሰብ ማውራት ሲጀምር ደግሞ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። የስብሰባውን ወሬ የሰማ ቀን ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር ተቀያየረ፣ ሱፉን ተኮሰ። አንድ ጥያቄ አለኝ አለ፤ አንድ ብቻ። እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ስለዚያ ሥራው ማንም አንድ ቃል ጠይቆት እንደማያውቅ፣ አሁን የሚገባቸው ሰዎች ተገኝተው እነሱም ሳይሰሙት ቢቀሩ እንደሚቆጨው ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። እኔን ያስከተለኝ “አማርኛሽ ይሻሻላል” ብሎ ነው።

ኅዳር ነበር። ከምንኖርበት ከአድሊስቪል እስከ በርን ድረስ ከመስኮቱ ውጭ ጉም እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። አባዬ ቱና በቃሪያ የተጠቀጠቀበትን ዳቦ አውጥቶ ሲከፍት ባቡሩ በሙሉ ሸተተ፤ ፊት ለፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። እኔም መቀየር አምሮኝ ነበር። ሎዛን ስንደርስ ጉሙ ተገፍፎ ሐይቁ ብልጭ አለ። አባዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ውኃውን እስከ ጄኔቫ ድረስ አየው። ከባቡር ስንወርድ ቢዝ የሚሉት ነፋሳቸው ጆሮዬን ሊነቅለው ደረሰ።

አዳራሹ ውስጥ ሳምቡሳና ሻይ ነበር፤ ሳምቡሳው ግሩም ነበር፣ እሱን አልክድም። ከዚያ የክብር እንግዶችን ማስተዋወቅ ተጀመረ። አስተዋዋቂው ይተዋወቃል፣ ያስተዋወቀውን ሌላው ያመሰግናል፣ የተረሳው ያኮርፋል፣ ላኮረፈው ይጨበጨባል። በዚህ መሐል ሰብሳቢዋ እትዬ ብርቄ እኔን አዩኝና ላፕቶፑ ጋ አስቀመጡኝ። በእኛ ስብሰባ ልጅ የሆነ ሁሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። ሥራዬ ተናጋሪው “ቀጣይ” ሲል አንድ ቁልፍ መጫን ነበር።

ተናጋሪው ዶክተር ነው። በአንቱታ ልጽፈው ሞክሬ እጄ እምቢ ስላለኝ እንዲሁ ልለፈው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ መሐረቡ ከከረባቱ ጋር የሚመሳሰል ሰው ነው። ወደብ የአገር ሳንባ ነው አለ። ትንሽ ቆይቶ ልብ ነው አለ። ንግግሩ ሳያልቅ ኩላሊት ጋ እንደሚደርስ እርግጠኛ ነበርኩ። የሰውነት ክፍል ሲያልቅበት ሥዕል አሳየን፦ የጎረቤት አገር ወደብ ተስፋፍቶ እንዲህ ይሆናል ተብሎ የተሣለ፣ ብዙ የመርከብ መቆሚያ፣ ብዙ ክሬን፣ ከክሬኖቹ ኋላ ደግሞ ወደብ ሙሉ ዘንባባ።

አባዬ እጁን አነሳ።

እኔ አየሁት። ዶክተሩ ገና “ቀጣይ” አላለም። ጠባብ ሱፉን፣ ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል፣ አየሁና ፊቴ ጋለ። ቁልፉን ተጫንኩት። ሥዕሉ ሄደ፣ አባዬም እጁን አወረደ።

ዶክተሩ ያላዘዘው ስላይድ ስለመጣበት ተቆጣና “ወደ ኋላ መልሺው” አለኝ። መለስኩት። አባዬ በዚህ ጊዜ እጁን አላነሳም፤ ብድግ ብሎ ቆመ።

“ዶክተር፣ ይቅርታ፤ መኪኖቹ የት ነው የሚቆሙት?”

“የምን መኪና፣ ጋሼ?”

“የጭነት። መርከቡ ያራገፈውን ተረክበው የሚወጡት።”

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ይህ ሐሳቡን ለማሳየት ብቻ የተሣለ ነው፣ ዝርዝሩ ኋላ ይመጣል አለ። ከዚያ አባዬን በምን ሙያ ላይ እንደነበረ ጠየቀው።

“ቆጣሪ ነበርኩ።”

“አይ ጋሼ፣ አሁን የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ነው።”

ከፊት የተቀመጡት የክብር እንግዶች ሳቁ። ሳቃቸው ክፉ አልነበረም፤ የባሰውም እሱ ነው፣ ለሕፃን የሚሳቅ ዓይነት ነበር። እኔ አባዬን ስንት ጊዜ እንደዚያው እንደሳቅሁበት በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

“ቀጣይ” አለ ዶክተሩ።

አልተጫንኩም።

“ቀጣይ፣ የኔ እመቤት።”

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። “አባቴ ጥያቄ ጠይቋል፤ አልመለሱም” አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፤ የ“ጠ” ድምፄ ደግሞ የዙሪክ ልጅ መሆኔን ያጋልጣል። እትዬ ብርቄ ነውር ነው ልጄ አሉ። አንዱ ሰውዬ “የዛሬ ልጆች!” አለ። ዶክተሩ ራሱ ሊጫን ሲመጣ ላፕቶፑን አቅፌ ያዝኩት። አባዬም ከቦታው ሆኖ በእጁ ተጫኝለት አለኝ፤ ዓይኑ ግን እንደዚያ አላለም።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ኋላ እንደሰማሁት የድሮ የተሳቢ ሾፌር ናቸው።

“ልጅቷን ተዋት” አሉት። “እኔ የወደቡ መንገድ ላይ ተራ ስጠብቅ ጢሜ አድጎ ያውቃል። ዛሬ ከዘንባባው ሥር ካላሳደራችሁኝ በቀር የት እንደምቆም እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።”

አዳራሹ ፈነዳ። አሁን የተሳቀው በዶክተሩ ነበር፤ እኔም ላፕቶፑን እንዳቀፍኩ ሳቅሁ። አባዬ ግን አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ተናገረ። ማዳበሪያ የጫነ መርከብ መጥቶ ግቢው በጆንያ ስለተሞላ ብቻ ባሕር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ማየቱን፣ ክሬን ቢጨመር የሚጨምረው ክምሩን እንደነበር፣ ጆንያው ሙቀቱና እርጥበቱ ሲፈራረቁበት ድንጋይ ሆኖ ገበሬው ጋ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይደርስ እንደነበር ነገራቸው። “ወደብ የሚሰፋው ከባሕሩ በኩል ብቻ አይደለም” አለ፤ “ከመውጫው በኩልም ነው።” ከዚያ አመስግኖ ተቀመጠ። ወረቀት አልያዘም ነበር። ዶክተሩ ጠቃሚ አስተያየት ነው ብሎ ስልኩን አየ። እንዲህ ዓይነት ሰው ሲሸነፍ ስልኩ ይጠራዋል።

በመመለሻው ባቡር ላይ፣ ፍሪቡርግ አካባቢ፣ አባዬ ትልቅ ሰው ፊት ሁለተኛ እንደዚያ እንዳላደርግ መከረኝ። ቀጥሎ ዘንባባዎቹ ሃያ ሦስት መሆናቸውን ነገረኝ። ቆጥሯቸዋል።

ዛሬ ሰዎች የጭነት ሥራ ለምን እንደመረጥኩ ሲጠይቁኝ ከአባቴ ነው የወረስኩት እላለሁ፤ ሙያውንም በስሙ ጠርቼ፣ ቆጣሪ ነበር ብዬ እናገራለሁ። ዶክተሩን አሁንም እንቃለሁ፣ ደስ እያለኝ። ግን ከንቀቴ ትንሽ ቆርጬ ለራሴ አስቀምጬአለሁ፣ አባዬ እጁን ሲያነሳ ሳልታዘዝ ለተጫንኩት ቁልፍ። አባዬ እስከ ዛሬ ያኔ እጄ ስቶ ይመስለዋል፤ ለሰው ሲያወራም “ልጄ ጣቷ አዳልጧት” እያለ ያልፈዋል። የምጽፈውን ሁሉ ደግሞ ከማንም በፊት የሚያነበው እሱ ነው። ሲያነብ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ አንድ መስመር አይዘልም። ይህቺን ነገ ከፈረቃ ሲመለስ እሰጠዋለሁ።