የአያ ደምለው ባሕር ዛፍ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር ከምኖርበት ቤት በር ሥር አንድ ደብዳቤ ተወርውሮ አገኘሁ። የጎረቤቴ ነው። አራት ዓመት አጥር ተጋርተን አንድ ቀን እንደምን አደርሽ ያላለኝ ሰው፣ የአቮካዶዬ ቅርንጫፍ ወደ መኪናው ማቆሚያ ስላዘነበለ በአሥር ቀን ውስጥ እንዳስቆርጥ፣ አለዚያ በሕግ እንደሚጠይቀኝ፣ ቁጥርና ቀን ጽፎ፣ ግልባጩን ለቀበሌ አድርጎ አስታውቆኛል። ሳቄ መጣ። እውነቱን ነውና ያኑ ዕለት አስቆረጥኩለት፤ መጋዙ ሲጮህና የእርጥብ እንጨት ሽታ ግቢውን ሲሞላው ግን አያ ደምለው ድቅን አሉብኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ካለ ሰፈር እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴና እኛ ሦስት ልጆች። ከአጥራችን ማዶ የአያ ደምለው ባሕር ዛፍ ቆሟል። ባሕር ዛፍ ስል ለአጣና የሚሆነውን ቀጫጫ እንዳታስቡብኝ፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ጉድ ነው፤ ሥሩ እሳቸው ግቢ፣ አናቱ እኛ ጣራ ላይ። ነፋስ በነካው ቁጥር ቅርፊቱን ቆርቆሯችን ላይ ያራግፍብናል፣ ግንዱም ሲጥ ሲጥ ይላል።

አያ ደምለውና ሚስታቸው እትየ አስረሱ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እኔን ክርስትና ያነሱኝ እትየ አስረሱ ናቸው፤ ስለዚህ ከወላጆቼ ጋር አበልጆች ነበሩ። አበልጅን ደግሞ፣ ቀበሌ መክሰሱ ይቅርና፣ ዛፍዎን ይቁረጡ ብሎ ፊት ለፊት መናገር አባቴ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ ዙሪያውን ይዞራል። ዘንድሮ ነፋሱ በረታ ይላቸዋል፤ እሳቸውም ከልባቸው አዝነው፣ እኔንም የእናንተ ቤት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል ይላሉ። ዛፉ አደገ ቢላቸው መልሳቸው ተመስገን ነው።

ያገኙት መላ ታዲያ ዛፉን መቁረጥ ሳይሆን እኛን ማንሳት ሆነ። ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆር ማለት ሲጀምር፣ ሽቦው የወጣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከች ይላሉ፤ ተነሱ፣ ይኼ ዛፍ አይታመንም እያሉ ያጣድፉናል። የሌላ ሰው ዛፍ እኮ ነው የሚመስለው! እናቴ የወጡን ድስት፣ ታላቅ ወንድሜ ታናሹን፣ እኔ ደግሞ እንቁላል የታቀፈችውን ዶሮ ከነቅርጫቷ ተሸክመን ጭቃውን እያቦካን እንሰደዳለን። እትየ አስረሱ በቆሎ ቀቅለው፣ አጎዛ አንጥፈው ይጠብቁናል። አያ ደምለው እንቆቅልሽ ሲጠየቁ አንዱንም አያውቁም፤ አገር ስጡን ስንላቸው ማንኩሳንና ቡሬን እንደ ቀልድ ለቀው ፍኖተ ሰላም ላይ ሲደርሱ ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከራሉ። እኛ ልጆች ነፋስ እንዲመጣ እንሳል ነበር።

እናቴ ግን አንድ ክረምት ሙሉ ድስት ተሸክማ አንገሸገሻትና ሦስት ሽማግሌዎች ላከችባቸው። ጠዋት ሄደው ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ጠላው መልካም እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። አያ ደምለው፣ ለመሆኑ ነፋስ ነፍሶ እኔ ሳላወጣቸው የቀረሁበት ቀን አለ ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ኖሯል፤ ሽማግሌዎቹ ቢያስቡ ቢያስቡ የለም። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሰጣችሁን አምላክ አመስግኑ ብለው፣ እኛኑ መርቀውን ሄዱ። እናቴ ሦስት ቀን አኩርፋ በአራተኛው ሳቀች።

በተከታዩ ነሐሴ አባቴ እምቢ አለ። ከገዛ ቤቴ አልሰደድም ብሎ አልጋው ላይ ተጋደመ። አያ ደምለው እኛን አድርሰው ተመለሱበት፤ በሞቴ ይላሉ፣ እሱ አይሆንም ይላል፤ እጁን ይዘው እየጎተቱ በሩ ደፍ ላይ ገና ሲታገሉ፣ የዛፉ ትልቁ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ቀዶ ልክ ትራሱ ላይ አረፈ። አባቴ ጉልበታቸው ላይ ወደቀና ስላዳኑት አመሰገናቸው። እናቴ ናት፣ የሚገድለውም የሚያድነውም አንድ ሰው ሲሆን ምን ይባላል ያለችው።

አያ ደምለው አልሳቁም። በቀዳዳው የሚታየውን ሰማይ ቆመው ሲያዩ ቆዩ፤ እራትም አልበሉ። ዝናቡ ጋብ ባለ ጊዜ ራሳቸው መጥረቢያና ገመድ ያላቸውን ሰዎች ጠሩና፣ ሰፈሩ በሙሉ ገመድ እየጎተተ ዛፉን ወደ ሜዳው ጣለው። ለጣራችን መጠገኛ የሚሆነውን እንጨትም ከዚያው አስፈልጠው ሰጡን።

ከዚያ ወዲያ ነፋስ ሲመጣ ቤታችን ተቀምጠን እንሰማው ጀመር። ደስ ብሎናል፣ አልዋሽም፤ ዶሮዋም ሳትነሳ ጫጩቶቿን ፈለፈለች። ጳጉሜን ላይ አንድ ቀን ዶፍ ሲወርድ በሩ ተንኳኳ። እትየ አስረሱ ናቸው፤ ነጠላቸው ላያቸው ላይ ተጣብቆ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት አቅፈዋል። እናቴ፣ ምነው አበልጄ፣ በዚህ ዝናብ ብላ ተቆጣቻቸው።

«ምን ላድርግ» አሉ ድስቱን እያስቀመጡ፣ «ለሰባት ሰው ቀቅዬ ኖሯል።»

ያ ዛፍ ያን ያህል ዘመን ለምን እንደቆመ ያን ጊዜ ገባን። አባቴ አቀርቅሮ በቆሎውን ይፈለፍላል፣ አይበላም። እናቴ ደረቅ ጋቢ አልብሳ እሳት ዳር አስቀመጠቻቸውና ነገ ሁላችንም እንመጣለን ብላ ማለችላቸው። ከበራችን እስከ በራቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም። ሁለቱም ካለፉ ስንት ዘመናቸው፣ እኔ ግን ያችን ነገ ዛሬም አልረሳኋትም። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ አልሄድንም።